ተረት የወለዳቸው መዝሙሮች

ከወላጆችና ከአያቶች ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጅቷ ጠንቋይ፣ ዘንዶና የሚናገር አንበሳ ያለበት መጽሐፍ ይዛ ትውላለች። እንዲህ ያለው ተረት እምነቷን አያበላሽባትም?» ይሉኛል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ልጅ ምን እንደሚያነብ መጠየቅ የአሳዳጊ ወግ ነው። ዛሬ ግን «ይነበብ» ወይም «አይነበብ» ብዬ ከመፍረዴ በፊት፣ እንዲህ ያሉ ተረቶች በሌላ አገር በመዝሙር ላይ ያደረጉትን ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከብሪታኒያ ነው። ጆርጅ ማክዶናልድ የሚባል፣ ቀድሞ ሰባኪ የነበረ ስኮትላንዳዊ በ1858 «ፋንታስቲስ» የተሰኘ የምናብ ልብ ወለድ አሳተመ። በ1916 ይህ መጽሐፍ ሲ. ኤስ. ሉዊስ በሚባል የ17 ዓመት ወጣት እጅ ገባ። ሉዊስ በዚያን ጊዜ በእግዚአብሔር አያምንም ነበር። መጽሐፉም አልሰበከውም፤ ምናቡን ብቻ ለሌላ ዓይነት ውበት ከፈተለት። ሉዊስ ካመነ በኋላ ግን ማክዶናልድን እንደ መምህሩ ይቆጥረው ነበር።

በ1931 መስከረም ላይ ደግሞ ሉዊስ ከጄ. አር. አር. ቶልኪንና ከሌላ ወዳጃቸው ጋር ኦክስፎርድ ውስጥ እየተንሸራሸሩ እስከ ሌሊት ድረስ ተከራከሩ። ሉዊስ፣ ተረት ቢያምርም ውሸት ነው ባይ ነበር። ቶልኪን በበኩሉ፣ ሰው ተረት የሚፈጥረው እርሱ ራሱ በፈጣሪ ስለተፈጠረ ነው፤ ስለዚህም በተረቱ ውስጥ የእውነት ፍንጣሪ ይገኛል ብሎ ሞገተ። ብዙም ሳይቆይ ሉዊስ አመነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቶልኪን «ሆቢት»ን (1937) እና «የቀለበቶች ጌታ»ን (1954–55)፣ ሉዊስም ሰባቱን የ«ናርኒያ» መጻሕፍት (1950–56) አሳተሙ።

እኔን በእነዚህ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ቆም የሚያደርገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስቱም እናታቸውን በልጅነታቸው አጥተዋል። ሉዊስ እናቱ ስትሞት 9 ዓመቱ ነበር። ቶልኪን በ4 ዓመቱ አባቱን፣ በ12 ዓመቱ እናቱን ቀበረ። ማክዶናልድም እናቱን በሳንባ ነቀርሳ የተነጠቀው ገና በልጅነቱ ነው። ሉዊስ በ1955 ባሳተመው አንድ የናርኒያ መጽሐፍ ውስጥ እናቱ በጽኑ የታመመችበት ልጅ አለ። ልጁ አንበሳውን ለእናቱ መድኃኒት ይለምነዋል፤ ቀና ብሎ ሲያይም የአንበሳው ዓይኖች እንባ ሞልተዋል። ጸሐፊው በልጅነቱ ያልተሰጠውን ነገር በመጽሐፉ ላለው ልጅ ሰጠው፤ እናትየዋ ትድናለች።

በዚያው መጽሐፍ አንበሳው ናርኒያን የሚፈጥረው እየዘመረ ነው። ከድምፁ ከዋክብት ይወጣሉ፣ ሣር ይበቅላል፣ እንስሳት ከመሬት ይፈልቃሉ። ቶልኪንም ከሞተ በኋላ በ1977 በወጣው «ሲልማሪሊዮን» መጽሐፉ ዓለም ከዝማሬ ስትወለድ ያሳያል። እንግዲህ አስቡት፤ ጊታር ይዞ የሚዘምር ወጣት እነዚህን ገጾች ሲያነብ ለእርሱ የተላከ ደብዳቤ አይመስለውም?

መሰላቸውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ፣ በተለይ በካሊፎርኒያ፣ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ብዙ ወጣቶች ወደ ክርስትና ተመለሱ። ሲመለሱም ጊታራቸውን ይዘው ነው። የሚያውቁት ሙዚቃ ፎክ የሚባለው፣ እንደኛ አዝማሪ በአንድ መሣሪያ ታሪክ የሚተረክበት የሕዝብ ዜማ ነበር። የቶልኪን መጽሐፍም ከ1965 ጀምሮ በርካሽ እትም ስለወጣ በየተማሪው ቦርሳ ይገኝ ነበር። ታሪክ የሚወድ ዜማና ታሪክ የሚወድ አንባቢ ተገናኙ። ጊታር በቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል ብለው ያጉረመረሙ ታላላቆች እንደነበሩ መናገር አያስፈልግም፤ የእኛን አገር ክርክር የሚያስታውስ ይረዳዋል።

ከእነዚህ ወጣቶች መካከል ስለ ሦስት ወንድምና እህቶች ልንገራችሁ። አኒ፣ ኔሊና ማቲው የዋርድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እናታቸውም አባታቸውም በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሞቱ። ኔሊና ማቲው ገና ልጆች ስለነበሩ ያገባችው እህታቸው አኒ ከባሏ ጋር ወስዳ አሳደገቻቸው። በዚያ ቤት አኒ ፒያኖ ስትጫወት ሁለቱ ከጎኗ ቆመው ድምፅ ይሰጧት ጀመር። በኋላ «ሰከንድ ቻፕተር ኦፍ አክትስ» የተባለው ታዋቂ የመዝሙር ቡድን ሆኑ፤ ትርጉሙ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ማለት ነው። በ1980 ያወጡት «ዘ ሮር ኦፍ ላቭ» የተሰኘ አልበም፣ የመጀመሪያውን የናርኒያ መጽሐፍ ታሪክ ተከትሎ የተዘመረ ነው። ከወላጆቻቸው ተለይተው በሰው ቤት የሚኖሩ አራት ልጆች፣ አገሩን በበረዶ የቀበረች ጠንቋይ፣ በበደለኛው ልጅ ፈንታ የሚሞትና የሚነሣ አንበሳ አለበት። ወላጅ አልባ ሆነው ያደጉ ልጆች ይህን ታሪክ ለመዝሙር መምረጣቸው አይገርመኝም።

ፊል ኬጊ የሚባለው ስመ ጥር ጊታር ተጫዋችም እናቱን በመኪና አደጋ ያጣው በ1970፣ ገና በ18 ዓመቱ ነው። ወደ እምነት የመጣውም በዚያው ሐዘን ሰሞን ነው። በ1976 ባወጣው አልበም ውስጥ ከሉዊስ ግጥሞች አንዱን በዜማ ተጫውቶታል። ግጥሙ ራሱን ብቻ ሲወድ የኖረ ሰው በሥቃይ ውስጥ ፍቅርን ሲማር የሚናዘዝበት ነው። ማጽናኛ ቃል አይደረድርም። ብዙ ሰው ግን ለቅሶ ቤት ከሚነገር «በርቱ» ይልቅ እንዲህ ያለውን ይሻል።

በእኛ ዘመን ደግሞ አንድሪው ፒተርሰን አለ። ናሽቪል የሚኖር የፎክ ዘማሪ ነው፤ ከዘፈኑ አልፎ ራሱ የምናብ ደራሲ ሆነ። ከ2008 እስከ 2014 ያሳተማቸው አራቱ የ«ዊንግፌዘር» መጻሕፍት ኋላ በአኒሜሽን ተሠርተዋል። አባታቸውን ያጡ ሦስት ልጆች በእናታቸውና በአንድ እግሩ የእንጨት በሆነ ቁጡ አያታቸው ቤት ያድጋሉ። ትንሿ ልጅ እግሯ የተጎዳ ናት፤ ነገር ግን በዜማዋ የባሕር ዘንዶዎች ይሰሟታል። ከሁሉም ደካማ የምትመስለው ልጅ ሥራ መዘመር ነው። አያቶች ይህን መጽሐፍ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ቢያነቡ ራሳቸውንም ያገኙበታል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በእኛ ልማድ ሞት ሲመጣ ልጅ ጎረቤት ይላካል። ሲጠይቅም «ሩቅ አገር ሄዳለች» ይባላል። የምናደርገው ከፍቅር ነው፤ ግን ልጁ ድንኳኑን ያያል፣ የተላጨ ጸጉርና ጥቁር ልብስ ያያል፣ ዝም ይላል። ተረት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ስለ ራሱ እናት መጠየቅ ሲያቅተው ስለ መጽሐፉ ልጅ እናት መጠየቅ አያቅተውም። እኛም ስለ ራሳችን ሐዘን መናገር ሲከብደን ስለ አንበሳው እንባ መናገር አይከብደንም።

ደግሞ አንበሳው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሉዊስ አንበሳን የመረጠበትን ምክንያት ሲጠየቅ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ክርስቶስ የይሁዳ አንበሳ ተብሎ መጠራቱን ጠቅሷል። ይህን ስም የኢትዮጵያ ልጅ ሰምቶት ነው የሚያድገው።

ይህ ማለት ጠንቋይ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ይግባ ማለት አይደለም። እኔ አንድ መጽሐፍ ስመረምር ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ክፉውን ክፉ ይለዋል ወይስ ያስመኘዋል? ደካማው ልጅ ቦታ አለው? በጎ ነገር የሚገኘው አንድ ሰው ዋጋ ከፍሎበት ነው ወይስ በድግምት ብቻ? በናርኒያ ጠንቋይዋ የምትፈራ እንጂ የምትመኙአት አይደለችም።

ስለዚህ መጽሐፉን ከልጁ እጅ ከመንጠቅ በፊት አንድ ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ። ማንበብ የማይመቻቸው አያቶች፣ ልጁ በራሱ ቃል ይተርክላቸው፤ ከዚያ በተራቸው «ተረት ተረት» ይበሉና «የላም በረት» ያስብሉት። ስለ ሞተ ዘመድ ከጠየቀ በዚያች ሰዓት አትሽሹት። የምታውቁትን መዝሙር ዝቅ ባለ ድምፅ አብራችሁ ዘምሩ። አኒ ዋርድም ለታናናሾቿ ያደረገችው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፤ ፒያኖው ጋ ቁጭ ብላ አጠገቧ እንዲቆሙ ፈቀደችላቸው።