የወንበዴው ሳንቲም

ለገና ከፍሎሪዳ የመጡት የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ፣ ለሁላችንም ስጦታ ይዘው ነበር። ለእማዬ ጫማ፣ ለእኔ ሽቶ፣ ለባለቤቴ ያው የተለመደው ቀበቶ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ የናቲ ስጦታ ግን ከሻንጣ ሳይሆን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ነው የወጣው። በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ የጠቆረና ፊቱ የተላላጠ የመዳብ ሳንቲም። አብሮት ጠርዙ በወርቃማ ቀለም የታተመ ወረቀት አለ፦ «ከባህር ወንበዴዎች ዘመን የተገኘ እውነተኛ የስፔን ቅኝ ግዛት ሳንቲም» ይላል በእንግሊዝኛ።

ሴንት ኦገስቲን ከምትባለው ጥንታዊ ከተማ፣ ከአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው የገዙት። የስጦታ ዋጋ አይጠየቅምና ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸው ግን ለባለቤቴ በጆሮው ነገሩት፣ እሱም ማታውን ለእኔ ነገረኝ። ጋሼ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆመው የሚውሉበት የአንድ ሙሉ ቀን ደመወዝ ነው።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ወረቀቱን ሳነበው ልቤ ጥርጥር ገባው። «ከወንበዴዎች ዘመን» ይላል እንጂ «የወንበዴ» አይልም። ስም የለውም፣ ዓመት የለውም፣ የተገኘበት ቦታ የለውም። እንዲህ ያለ ምንም የማያስጠይቅ ዓረፍተ ነገር እኔም ጽፌ ደመወዝ በልቼበታለሁ፤ ሳየው አውቀዋለሁ። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ነገር ግን ናቲ ሰኞ ክፍሉ ፊት ቆሞ ስለሚወደው ዕቃ ሊናገር ተመዝግቧል፤ ለግማሹ ክፍልም «የወንበዴ ሀብት አለኝ» ብሎ አውርቷል።

ቅዳሜ ማታ እማዬ ቤት ተሰበሰብን፤ ጋሼ ዘመድ ጥየቃ ወጥተዋል። እማዬ ሎሚና ጨው አቅርባ ሳንቲሙን ልትፈትገው ስትል እጇን ያዝኳት። መዳብ ዕቃ ሲያበራ ያምራል፤ አሮጌ ሳንቲም ግን ያ ቡናማ ሽፋኑ መከላከያው ነው። ከተፈተገ የቀሩት ፊደሎችም አብረው ይሄዳሉ፣ ዋጋውም ይወርዳል። እቤታችሁ አሮጌ ሳንቲም ካለ ከሎሚ አርቁት።

መጀመሪያ የፍሪጅ ማግኔት አስጠጋን። አልሳበውም፤ መዳብ የተቀባ ብረት አይደለም ማለት ነው። በኩሽና ሚዛን 11 ግራም፣ በናቲ ማስመሪያ ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ከዚያ መብራቱን አጥፍተን የስልክ ባትሪ ከጎን፣ ጠረጴዛውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገን አበራንበት። ከላይ ሲበራበት ልሙጥ የነበረው ነገር ከጎን ሲበራበት ጥላ አወጣ። እውነቴን ነው፣ አፍንጫው ትልቅ የሆነ ሰውዬ ከጨለማው ብቅ አለ! ናቲ ጮኸ።

ቀስ እያልን አዟዟርነው። ከራሱ ዙሪያ በላቲን «ካሮሉስ» የሚለው ስም ግማሹ፣ ቀጥሎ ሦስት ቋሚ መስመሮች፣ ከወዲያ «ሬክስ»፣ ማለትም ንጉሥ። በመካከሉ የእኛን «ስዩመ እግዚአብሔር» የሚመስል «በእግዚአብሔር ጸጋ» የሚል ምህጻረ ቃል አለ። መስመሮቹን ሦስቴ ቆጠርናቸው፤ ምክንያቱም ተከታዩ ንጉሥ፣ አራተኛው ካሮሉስ፣ ቁጥሩ በአራት ቋሚ መስመሮች ነው የሚጻፈው። አንዷ መስመር ተፍቃ ቢሆን ኖሮ ንጉሡን እንሳሳት ነበር። ደግነቱ ከታች ዓመተ ምሕረቱ አለ፦ 1፣ 7፣ 7፤ አራተኛው ቁጥር ጠፍቷል። የ1770ዎቹ ንጉሥ ደግሞ ሦስተኛው ነው።

በጀርባው መስቀል አለ፤ በመስቀሉ ማዕዘኖች ግንብና አንበሳ። ናቲ አንበሳውን ሲያይ «የእኛ ነው!» አለ። አይደለም፤ ግንቡ የካስቲያ፣ አንበሳው የሊዮን፣ የሁለት የስፔን ግዛቶች ምልክት ነው።

ያስቸገረን ከሰውዬው ፊት ለፊት ካለችው 8 ቁጥር ሌላ፣ ከጀርባው በኩል ያለችው ትንሽ ምልክት ነበረች። ባለቤቴ ማበጠሪያ ናት ብሎ ድርቅ አለ። በስልኬ ብዙ ከፈለግሁ በኋላ ገባኝ፦ በሴጎቪያ ከተማ እስከ ዛሬ የቆመው፣ ሮማውያን የሠሩት ባለ ሁለት ደርብ የውኃ መተላለፊያ ድልድይ ነው። የሴጎቪያ ሳንቲም ማተሚያ መለያው እሱ ነው። እንግዲህ የናቲ ሳንቲም የሦስተኛው ካሮሉስ 8 ማራቬዲ ነው። የታተመው ቅኝ ግዛት ውስጥ ሳይሆን እዚያው ስፔን። በዚያን ጊዜ የሜክሲኮና የፖቶሲ ማተሚያዎች ብርና ወርቅ እንጂ እንዲህ ያለ መዳብ አይሠሩም ነበር። መዳቡ የድሃ ገንዘብ ነው፤ የእኛ ቤሳ በሉት። አንዱን ትልቅ የስፔን ብር በስፔን ለመመንዘር እንዲህ ያለ 85 ያስፈልጋል።

ወንበዴውስ? ዝነኛው ብላክቢርድ የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1718 ነው። ሳንቲሙ ሲታተም እሱ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1770ዎቹ ፍሎሪዳም በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ስፔን መልሳ የያዘቻት በ1783 ነው፣ እስከ 1821። ወታደር ወይም መርከበኛ በኪሱ ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ማንም ሊምል አይችልም። ተመሳሳዩ ያለ ወርቃማ ወረቀት በጥቂት ዶላር ይሸጣል።

ይህን ሁሉ ስናወራ እማዬ ከሣጥኗ የአያቴን ማርትሬዛ አወጣች። እሱ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ እቴጌዪቱ የሞቱበት ዓመት። ከዚያ በኋላ የታተሙትም ሁሉ ያንኑ ዓመት ስለያዙ፣ የአያቴ መቼ እንደታተመ ዓመቱን አይቶ ማወቅ አይቻልም። «አባቴ በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር» አለች። ያ ሁሉ ማግኔትና ሚዛን እቤታችን ድሮም ነበር ለካ።

የቀረው ጋሼ ናቸው። እኔ ዝም እንበል አልኩ፤ ባለቤቴም። ናቲ ግን እሑድ ምሳ ላይ፣ ገና ወጡ ሳይወጣ፣ «ጋሼ፣ ሸውደውዎታል!» አለ። እማዬ በዓይኗ ልትቆነጥጠው ደረሰች። ጋሼ እጃቸውን በመሀረብ ጠረጉ።

«ሳንቲሙስ?»

«ሳንቲሙ እውነተኛ ነው። ወረቀቱ ነው ውሸታም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ንጉሡ ጠየቁ፣ ስለ ማበጠሪያው ጠየቁ፤ መብራት አጥፍተን በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግተን በባትሪ አሳየናቸው። «ያቺ ሻጭ እንዴት አድርጋ እንደነገረችኝ ብትሰሙ…» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን አጭር ነበር፤ እስካሁን ይከነክነኛል። ወርቃማውን ወረቀት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ሰኞ ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ በናቲ የእጅ ጽሑፍ አዲስ ወረቀት አየሁ፦ «የሦስተኛው ካሮሉስ 8 ማራቬዲ። ሴጎቪያ፣ ስፔን። 177?። ከጋሼ የተሰጠኝ።»