የሁለቱ ሐረሞች ክብር ለወገናችን ደም መሸፈኛ አይሆንም!

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም





ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት የገባ ነው። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ወይም ከትግራይ ተነስቶ፣ በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በቦሳሶ በኩል ባህር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ የሄደ ልጅ የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው። «ሰዕዳ ደርሻለሁ፣ ነገ እንሻገራለን» ብሎ ከደወለ በኋላ ድምፁ የጠፋ ልጅም በየሰፈሩ አለ። እናቱ ዛሬም ስልኩን ከእጇ አትለይም። መርዶ አልመጣላትም፤ አስከሬን አልመጣላትም፤ ሰላተል ጀናዛም አልተሰገደም።

ነሐሴ 15 ቀን 2015 ሂዩማን ራይትስ ዎች ይፋ ያደረገው ሪፖርት የእነዚህን ልጆች መጥፊያ ተናግሯል። ከመጋቢት 2014 እስከ ሰኔ 2015 ባለው ጊዜ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በየመን ድንበር በኩል ሲሻገሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን በሞርታርና በጥይት በመቶዎች መግደላቸውን ዘርዝሯል። ከሟቾቹ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ይገኛሉ። ከሞት የተረፉት ደግሞ ጠባቂዎቹ «የቱን አካልህን እንምታው?» ብለው አስመርጠው እንደተኮሱባቸው መስክረዋል። ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ወሬ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግስታት ገለልተኛ ባለሙያዎች ከዚያ ወራት ቀደም ብለው፣ በመስከረም 2015 ለሳዑዲ መንግስት በጻፉት ደብዳቤ፣ በፈረንጆቹ 2022 የመጀመሪያ አራት ወራት ብቻ እስከ 430 የሚደርሱ ስደተኞች መገደላቸውን የሚገልጽ መረጃ እንደደረሳቸው አሳውቀው ነበር።

የሳዑዲ መንግስት «መሠረተ ቢስ ነው» አለ። መሠረተ ቢስ ከሆነ ድንበሩን ለገለልተኛ መርማሪ መክፈት ምን ይጎዳል?

ከሁሉም በላይ ያሳዘነን ግን የራሳችን መንግስት መልስ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በማግስቱ ባወጣው መግለጫ ጉዳዩን ከሳዑዲ ባለስልጣናት ጋር በጋራ እንደሚመረምር ገለጸ፤ ምርመራው እስኪያልቅ ሕዝቡ ከግምት እንዲቆጠብ መከረ፤ የሁለቱን ሀገራት የቆየ መልካም ግንኙነትም አስታወሰ። ተከሳሽ ከመርማሪ ጋር አብሮ የተቀመጠበት ምርመራ ምን ዓይነት ምርመራ ነው? ዝም እንዲል የተመከረውስ ለምን ልጁ የጠፋበት ወገን ሆነ? በዚያው ሳምንት፣ ነሐሴ 18፣ ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ ቀን ወደ ብሪክስ ማኅበር ተጋበዙ። በአደባባይ የደስታ መግለጫ ጎረፈ። የሟቾቹ ስም ግን የትም አልተነሳም። እኛም እንጠይቃለን፦ ያ የጋራ ምርመራ የት ደረሰ? ውጤቱስ ለማን ተነገረ?

ይህ ዝምታ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ወገኖቻችንን ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰዎች ተመለሱ። በወቅቱ ድብደባና ግድያ እንዳለ ሲሰማ በአዲስ አበባ የሳዑዲ ኤምባሲ ፊት ለመጮህ የወጣውን ሕዝብ ፖሊስ በትኖታል። የወገን እንባ የተሰማው በዱላ ነበር። ዛሬ መሪዎቹ ተለውጠዋል፤ ለባህረ ሰላጤው የሚሰጠው መልስ ግን አልተለወጠም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስታውስ ይገባል። በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» ብለን ስንነሳ «ወሃቢያ»፣ «የባህረ ሰላጤው ገንዘብ ተላላኪ» ተብለናል። ወንድሞቻችን በሽብር ተከሰው ታስረዋል። ያን ጊዜ በመስጂዳችን ውስጥ የሳዑዲን እጅ አየሁ ያለ መንግስት፣ ዛሬ የሳዑዲ እጅ በዜጎቹ ላይ ሲተኩስ ዐይኑን ጨፈነ!

ውድ ጀመዓዎች! የመንግስትን ስናነሳ የራሳችንን አንደብቅ። በመስጂዶቻችንም ዝምታ አለ። ሦስት ምክንያቶች ሲቀርቡ እንሰማለን።

የመጀመሪያው «የሁለቱ ሐረሞች ሀገር ናትና አትንኳት» የሚል ነው። መካና መዲና የልባችን ቂብላ ናቸው። ክብራቸው ግን ከአላህ የመጣ እንጂ ከማንም ቤተ መንግስት የመጣ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በስንብት ሐጃቸው በዚያው ምድር ቆመው የሰው ደም፣ ገንዘብና ክብር እርም መሆኑን አውጀዋል። ታዲያ ከዚያ ምድር በስተደቡብ የፈሰሰን ደም በዚያው ምድር ስም መሸፈን እንዴት ዲን ይሆናል? ሐጅ የምናደርግበት ሀገር መንግስት ሲበድል «በደልክ» ማለት ሐረሙን መድፈር አይደለም።

ሁለተኛው «በሕገ ወጥ መንገድ ሄደው ነው» የሚል ነው። አዎን፣ ያለ ቪዛ ሄደዋል። ያለ ቪዛ ድንበር የተሻገረን ሰው ማንኛውም ሀገር ይይዛል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሳል። በሞርታር መምታት ግን የማንም ሀገር የኢሚግሬሽን ሕግ አይደለም። ደግሞስ ሕጋዊውን በር ማን ዘጋው? በጥቅምት 2006 መንግስት ወደ መካከለኛው ምስራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ እገዳው እስከ 2010 ቆየ። የታገደው ሕጋዊው መንገድ እንጂ ረሃቡና ሥራ አጥነቱ አልነበረም። በሩ ሲዘጋ ደላላው መስኮቱን ከፈተ፤ ዋጋውንም ጨመረ።

ሦስተኛውና ከባዱ ምክንያት ይህ ነው፦ «በዚያ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ብንናገር እነርሱ ይጎዳሉ።» ይህን ቀላል አድርገን አናየውም። በየቤቱ የሚቀቀለው በሐዋላ ነው። ነገር ግን የፊሊፒንስን ታሪክ እንመልከት። በፈረንጆቹ 2018 አንዲት የቤት ሠራተኛቸው በኩዌት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሞታ ተገኘች። በኩዌት ከ200,000 በላይ ፊሊፒናውያን ነበሩ። መንግስታቸው «እነርሱ ይጎዳሉ» ብሎ አልተደበቀም። ሠራተኛ መላክ አቆመ፣ በአደባባይ ተናገረ፣ ተደራደረ። በጥቂት ወራት ውስጥ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝና ስልኳን እንዳይነጥቅ የሚል ስምምነት ተፈረመ። የእኛም መንግስት አግዶ ነበር፤ የእነርሱ እገዳ ግን የመደራደሪያ ጉልበት ነበር፣ የእኛው በር መዝጊያ ብቻ ሆነ። ሠራተኛ የሚፈልግ ሀገር ሠራተኛ የሚልከውን ይሰማል፤ የሚልከው አፍ ካለው።

የእኛ መንግስት ግን በአንድ በኩል በ2014 ከ100,000 በላይ እስረኛና ተመላሽ ለመቀበል ተስማማ፣ በሌላ በኩል በ2015 እስከ 500,000 ሴቶችን ለቤት ሥራ ወደ ሳዑዲ ለመላክ ዕቅድ ያዘ። በሳዑዲ የቤት ሠራተኛ በሀገሪቱ የሠራተኛ ሕግ አትሸፈንም። በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ነው። ከማዳሟ ቤት ብትሸሽ «ጠፊ» ትባላለች፤ ትታሰራለች። እህቶቻችንን ወደዚያ የምንልከው በየትኛው ዋስትና ነው? ውሉ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያውቅ አባት የትኛው ነው?

ወገኖቻችን! ስለ ስደተኛና ስለ ዲፕሎማሲ ከማንም መማር የማያስፈልገው ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን። በፈረንጆቹ 615 ሰሐቦች ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደዚህ ምድር ሲመጡ ያለ ማንም ፈቃድ ነበር የመጡት። ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞችን በቆዳ ስጦታ ጭነው ላኩ። ስጦታው በመጀመሪያ ለሹማምንቱ ታደለ፤ ሹማምንቱም «ይመለሱ» አሉ። ክርስቲያኑ ንጉስ ነጃሺ ግን ስደተኞቹን ሳይሰማ አልፈረደም። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን አቁሞ አዳመጠ። ከዚያም ስጦታውን መለሰ፣ ስደተኞቹን አስጠለለ። ከመካ ጋር የነበረውን ወዳጅነት በሰው ደም አልገዛም። ይህች ናት ኢትዮጵያ! ዛሬ ተገላብጦ የእኛ ልጆች በዚያ ምድር ደጃፍ ላይ ሲወድቁ፣ የነጃሺ ሀገር ባለስልጣናት ስጦታውን የመረጡት ለምንድን ነው?

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦

1. በድንበሩ ላይ የደረሰው ግድያ በተባበሩት መንግስታት ሥር በገለልተኛ አካል ይመርመር፤ የኢትዮጵያ መንግስትም ይህን በይፋ ይጠይቅ።

2. ከሳዑዲ ጋር የተፈረመው የሥራ ስምምነት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ታትሞ ለሕዝብ ይድረስ።

3. በጂዛን፣ በሹሜይሲና በሌሎችም እስር ቤቶች ያሉ ወገኖቻችን በቆንስላ ሠራተኞች ይጎብኙ፤ ስማቸው ለቤተሰብ ይነገር።

4. ደላላ ሲያዝ ከበላዩ ያለው ባለሥልጣንም ይጠየቅ።

ከመንግስት የምንጠይቀውን ያህል ከራሳችንም እንጠይቅ። የመስጂድ ኮሚቴዎች በየአካባቢያቸው የጠፉ ልጆችን ስም፣ የወጡበትን ቀንና የመጨረሻ ስልካቸውን ይመዝግቡ። ጠያቂው ቤተሰብ ክርስቲያን ቢሆን ስሙ ከመዝገቡ አይቅር፤ ሞርታሩ ሃይማኖት አልጠየቀምና። ሞታቸው ተረጋግጦ አስከሬናቸው ላልተገኘ ኢማሞቻችን ሰላተል ጋኢብ ያሰግዱ። በጁምዓ ኹጥባ ስለ መንገዱ አደጋ እውነቱ ይነገር። ላሟን ሸጦ ለደላላ የሚሰጥ አባት ያንኑ ገንዘብ እዚሁ ለልጁ ሥራ መጀመሪያ እንዲያውል ጀመዓው ይምከረው፤ ከሚመክረውም ጋር ይርዳው። መክሮ ብቻ መበተን ግን አይበቃም።

ትግላችን እንደ ወትሮው ሰላማዊ ነው። ድንጋይ አንወረውርም፤ የሳዑዲን ሕዝብም አንሰድብም። በዚያም ወገኖቻችንን ያስጠለሉ፣ ደመወዛቸውን በጊዜው የከፈሉ ደጋግ ሰዎች አሉ፤ አላህ ይመንዳቸው። የምንቃወመው በደልን ነው፤ በዳዩ ጎረቤት ቢሆን፣ ባለሥልጣን ቢሆን፣ ወይም ፊታችንን ለሰላት የምናዞርበት ሀገር ገዢ ቢሆን።

አላህ ለሟቾቻችን ይዘንላቸው፤ የጠፉትን ወደ እናቶቻቸው ይመልስልን፤ አሚን!

ድምፃችን ይሰማ!

አላሁ አክበር!