መዝገቡን ራሳችን እንጠይቅ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜና በሾኔ የእድር መዝገብ የሚቀመጠው በጸሐፊው እጅ ነው። ሆኖም ማንኛውም አባል ገጹን አስገልጦ የከፈለውን ማየት ይችላል። መዝገቡን የሚያስከብረው የጸሐፊው ታማኝነት ብቻ ሳይሆን ይኸው የአባላቱ የመጠየቅ ልማድ ነው። ብሎክቼይን የተባለው ቴክኖሎጂም በመሠረቱ መዝገብ ነው። ልዩነቱ ቅጂው በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ መገኘቱና ብሎክ የሚባለው እያንዳንዱ ገጽ የቀዳሚውን ገጽ የሒሳብ አሻራ መያዙ ነው። አንድ የቆየ ቁጥር ቢነካ ከእርሱ በኋላ ያሉት አሻራዎች ሁሉ ይፋለሳሉ።

ወጣቶቻችን ስለ ብሎክቼይን የሚሰሙት ግን በአመዛኙ ትርፍ ከሚሰብኩ ሰዎች ነው። ገንዘብ መተላለፉን ያሳያል የተባለ የስልክ ምስል እንደ ማስረጃ ሲቀርብላቸው የሚያጣሩበት መንገድ የላቸውም። መንገዱ ግን አለ። ቢትኮይን ኮር የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከታኅሣሥ 25 ቀን 2001 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የቢትኮይን መዝገብ አውርዶ እያንዳንዱን ዝውውር ይመረምራል። ከዚያም በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስመር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በመጻፍ የፈለጉትን ብሎክ ወይም ዝውውር መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ለአዲስ ብሎክ የሚሰጠው ክፍያ በ50 ቢትኮይን ጀምሮ በየ210,000 ብሎኩ በግማሽ ይቀንሳል። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. 840,000 ብሎኮች ሲሞሉ ክፍያው 3.125 ሆኗል። እስከዚያ የወጣው በስሌት 210,000 × (50 + 25 + 12.5 + 6.25)፣ ማለትም 19,687,500 ቢትኮይን ነው። ተማሪው ከዚያ ወዲህ የተጨመሩትን ብሎኮች ደምሮ ውጤቱን መዝገቡ በአንድ ትእዛዝ ከሚሰጠው ድምር ጋር ያስተያይ። የመዝገቡ ድምር በጥቂቱ ያንሳል። የመጀመሪያው ብሎክ 50 ቢትኮይን ሊወጣ አይችልም፤ አንዳንድ ብሎክ ሠሪዎችም ከሚገባቸው ያነሰ ወስደዋል። በቤተ ሙከራ እንደምናደርገው ሁሉ፣ በስሌትና በልኬት መካከል ያለው ልዩነት ምክንያቱን ያስመረምራል።

ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴርና አይኦኤችኬ የተባለው ድርጅት የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በካርዳኖ ብሎክቼይን ለማረጋገጥ መስማማታቸው ተገልጾ ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያረጋግጠው የገባው ቃል አለመለወጡን እንጂ ሲገባ እውነት መሆኑን አይደለም። በስሕተት የተጻፈ ውጤት በስሕተቱ ጸንቶ ይኖራል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተማሪ በማኅተም ፈንታ በቴክኖሎጂ ስም ሊታለል ይችላል።

መዝገብ ማንበብ መገበያየት አለመሆኑም ይታወቅ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል። ለማንበብ ግን አንዲት ሳንቲም መግዛት አያስፈልግም።

ሙሉው መዝገብ ከ600 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ተማሪ በስልኩ ዳታ ያውርደው ማለት ቀልድ ይሆናል። ስለዚህ እንደ ዋቸሞ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ፤ ተማሪዎችም በግቢው ውስጣዊ መረብ ይጠይቁት፤ ለአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በሳምንት አንድ ቀን በሩ ይከፈት እንላለን። ወጪው አንድ ኮምፒውተርና የጥቂት ሳምንታት ማውረጃ ጊዜ ነው። ትርፉ ግን የሰማውን ከማመኑ በፊት መዝገብ የሚያስገልጥ ትውልድ ነው።