ጌቲስበርግን ያውቃል፣ ሽምብራ ኩሬን አያውቅም

ሰሞኑን ዓለም ጤና ላይ ሻይ ይዘን ቁጭ ባልንበት አንድ ወንድማችን ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲተርክልን አመሸ። ሊንከን፣ ጌቲስበርግ፣ የባሮች ነፃ መውጣት፤ ከፊልም ቀኑን ሳይቀር ይዞታል። ማሻአላህ! «ሽምብራ ኩሬስ የት ነው?» ብለው «ሐረር አካባቢ መሰለኝ» አለኝ። ወንድሜ፣ በሞጆ በኩል እኮ ነው! በሚኒባስ በየጊዜው የምትመላለስበት አገር።

ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት የገጠሙት እዚያ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1529። ድል አደረጉ፤ ግን ወዲያው ወደ ሐረር ተመለሱና በ1531 እንደገና ዘመቱ። ነገሩ ያበቃው ኢማሙ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ሲወድቁ ነው። የዛሬዋ ኢትዮጵያ የሕዝብና የሃይማኖት አሰፋፈር ያለዚያ 14 ዓመት አይገባችሁም።

እኛስ ምን እያደረግን ነው? አንዱ ፌስቡክ ላይ «ግራኝ» እያለ ይሳደባል። ሌላው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሥዕል ፕሮፋይል አድርጎ ይፎክራል (የኢማሙን መልክ ማን አይቶ እንደሳለው አላህ ይወቅ)። ሁለታችሁንም ልጠይቅ፦ ፉቱሕ አል-ሐበሻን ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የኢማሙ ወዳጅ ነው፤ አይደብቅም። ሆኖም ሽምብራ ኩሬ ላይ ከሙስሊሞቹም ብዙ ሰው እንደሞተ ራሱ ጽፎታል። የፎካሪው ፖስት ላይ እነዚያ ሙታን የሉም። የተሳዳቢውም ላይ የሉም።

ሦስተኛ ወገን ደግሞ አለ፤ «ያለፈ አይነሳ፣ ወንድማማች ነን» የሚል። ቅን ሐሳብ ይመስላል። አሜሪካኖች ግን ሞክረውታል። ጌቲስበርግ ላይ በ1863 በሦስት ቀን ከሁለቱም ወገን 50,000 ገደማ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ተማረከ ወይም ጠፋ። በ1913፣ በ50ኛው ዓመት፣ ከ50,000 በላይ አዛውንት ወታደሮች እዚያው ሜዳ ላይ ተሰብስበው ተጨባበጡ። ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ጠቡ ተረስቷል ብሎ ተናገረ። የጦርነቱ ሥር የነበረው ባርነትስ? ከመድረኩ ተገፋ። ጥቁሩ በዚያ ዘመን በደቡቡ ድምፅ እንኳ አይሰጥም ነበር።

ዑመር ኢብን ሰዒድን የሚያውቅ አለ? ከምዕራብ አፍሪካ በ1807 ተሽጦ አሜሪካ የገባ የተማረ ሙስሊም ነው። በ1831 የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ፤ ነፃነትን ሳያይ ሞተ። ጽሑፉ ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ኢንተርኔት ላይም ለማንም ክፍት ነው። የ1913ቱ መጨባበጥ ለእንዲህ ያለ ሰው ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ «እንርሳው» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የማንን ሙታን ነው የምንረሳው እለዋለሁ።

የፉቱሕ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከ2003 ጀምሮ አለ። አምስት ሆናችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ገጽ አንብቡ፤ ዐረብኛ የሚችል ካለ ከዋናው ጋር ያስተያይ። የልብነ ድንግልን ዜና መዋዕልም አጠገቡ አድርጉ። ክርስቲያን ጎረቤታችሁንም ጥሩት። ይከራከራችሁ ይሆናል፤ ይከራከር፣ ሻይ አፍሉለት። ከሽምብራ ኩሬው ምዕራፍ ጀምሩ።