የጄይለን ስሚዝ ደመወዝ፦ ደጋፊው የተከራከረው በየትኛው ሂሳብ ነው?

የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ የሆነው የዳላስ ካውቦይስ ደጋፊዎች በላይንባከሩ በጄይለን ስሚዝ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ሲነታረኩ ከርመዋል። ላይንባከር ከተከላካዩ የፊት መስመር ጀርባ ቆሞ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን የሚጥል ተጫዋች ነው። ግማሹ «ለዚህ ሩጫ 64 ሚሊዮን ዶላር?» ሲል ግማሹ «በ2020 ብቻ 154 ታክል አለው፤ ጥፋቱ ቦታውን ያላወቀለት አሠልጣኝ ነው» ይል ነበር። በዚህ ገጽ ዓይን ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ባለፈ ሂሳብ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ስሚዝ በጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ለኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት የጉልበቱ ጅማቶች ተበጠሱ፣ ነርቩም ተጎዳ። ሌሎች ክለቦች ሲሸሹት ዳላስ በሁለተኛው ዙር በ34ኛ ተራ ወሰደው። ነገሩ ድፍረት ብቻ አልነበረም። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለት የዚያው ክለብ ሐኪም ነበር። ገዢዎች የዕቃውን ይዞታ እኩል በማያውቁበት ገበያ፣ ቀርቦ ያየ በርካሽ ይገዛል። ግዢውም አዋጣ።

ኪሳራው የተፈረመው በኦገስት 2019 ነው። ክለቡ የአምስት ዓመት ማራዘሚያ በ64 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው፤ ከዚህ ውስጥ 35.5 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ነበር። በዕለቱ ርካሽ መስሎ ታየ። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ጄትስ ለሲጄ ሞዝሊ ለአምስት ዓመት 85 ሚሊዮን፣ ሲያትል ለቦቢ ዋግነር ለሦስት ዓመት 54 ሚሊዮን ሰጥተው ነበርና። ግን ጎረቤት በውድ ገዛ ተብሎ የራስን ዕቃ ዋጋ መተመን የት ያደርሳል? የልጁ የመጀመሪያ ውል እንኳ የአንድ ዓመት ጨዋታ ይቀረው ነበር፤ መጠበቅ ይቻል ነበር።

በ2021 የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ በወረርሽኙ ምክንያት ከ198.2 ወደ 182.5 ሚሊዮን ወረደ። ዳላስም በመጀመሪያው ዙር ማይካ ፓርሰንስን መረጠ። (ስሚዝ በዚያው ክረምት የማልያ ቁጥሩን ከ54 ወደ 9 ሲቀይር፣ በመጋዘን የቀረውን አሮጌ ማልያ በራሱ ኪስ እንዲገዛ መገደዱ ተዘግቧል። ክምችት የማይከተለው ሰው የለም!)

«አሰናብቱትና ገንዘቡን አትርፉ» የሚለው ደጋፊ የዘነጋው ነገር አለ። የዓመቱ 7.2 ሚሊዮን ደመወዝ ተጫወተም ተቀመጠም ዋስትና ያለው በመሆኑ፣ ከዚያ ላይ የሚተርፍ ቁም ነገር አልነበረም። አስፈሪው የ2022 ደመወዝ 9.2 ሚሊዮን ነበር። ይህ ገንዘብ ዋስትናው የጉዳት ብቻ ነው፤ ስሚዝ ሜዳ ላይ ተጎድቶ እስከ ማርች ካላገገመ ክለቡ ይከፍላል። ስለዚህ በተሰለፈ ቁጥር ክለቡ በዚያ ጉልበት ላይ 9.2 ሚሊዮን ያስይዛል ማለት ነው። በአራት ጨዋታዎች ብቻ፣ በኦክቶበር 2021 አሰናበቱት።

በእኔ ግምት ስንብቱ ትክክል ነበር፤ ስሚዝን «ዘራፊ» ማለት ግን አግባብ አልነበረም። ዋጋውን ያቀረበው ክለቡ ነው፣ እሱ ፈረመ። ወዲያው ግሪን ቤይ በትንሽ ገንዘብ ወስዶት ከሁለት ጨዋታ በኋላ ለቀቀው፤ የዚያን ዓመት ደመወዙን አብዛኛውን ግን የከፈለው ዳላስ ነው።