የጀጎል ቤቶች አሸንዳ፦ የጣሪያው ውሃ በማን ግድግዳ ላይ ይውረድ?

ሐረር ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ ከመስጂዶቿና ከግንቡ ጋር የሐረሪ ቤቶች አሠራርም ትልቅ ቦታ ነበረው። ስለ ግንቡና ስለ በሮቹ ብዙ ይባላል። ቤቶቹን በየክረምቱ ስለሚበላው የጣሪያ ውሃ ግን የሚነሳው ጥቂት ነው።

የጥንቱ ቤት ግድግዳ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያውም በእንጨት ላይ የተደለደለ አፈር ነበር። ዛሬ በብዙ ቤቶች ቆርቆሮ ተተክቷል። አፈር ከዝናቡ ከፊሉን ይይዛል፤ ቆርቆሮ ሁሉንም ወዲያው ያወርደዋል። በ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,200 ሊትር ውሃ ይሆናል። አሸንዳው ከተቀደደ ይህ ሁሉ ግድግዳው ሥር ወርዶ ጭቃውን ያጥባል። ግድግዳውን በሲሚንቶ መለሰንም አያድነውም፤ የገባውን እርጥበት አፍኖ ያስቀረዋል።

አሸንዳ ሲቀየር ታዲያ ዋጋ ብቻ አይታይም። ፕላስቲክ አይዝግም፤ ፀሐይ ግን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ላሜራ ይጠነክራል፤ መገጣጠሚያው ላይ ግን ይዝጋል። ከሁለቱም በላይ የሚወስነው አገጣጠሙ ነው፦ በየሜትሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት፣ የማይደፈን መውረጃ፣ ከመሠረቱ ርቆ የሚያፈስ ቱቦ።

ጉዳዩ ከአንድ ቤት የሚያልፈውም እዚህ ላይ ነው። የጀጎል ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ መንገዶቹም ጠባብ ናቸው። አንዱ ከራሱ ግድግዳ ያራቀው ውሃ የጎረቤቱን መሠረት ሊያፈርስ ይችላል። የፊቅህ ዑለማዎች ስለ ሚዛብ፣ ማለትም ስለ ጣሪያ ውሃ መውረጃ፣ ከጎረቤትና ከመንገደኛ ሐቅ ጋር አያይዘው የተነጋገሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወጪውስ? የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃውን በባለቤቱ ላይ ይጥላል፤ ለእድሳትም ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። በ1967ቱ አዋጅ ተወርሰው የቀበሌ የሆኑ ቤቶች ግን ሌላ ጣጣ አለባቸው። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ፣ አከራዩም ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ወደ ኋላ ሲሉ፣ የሚጎዳው ቤቱና አጠገቡ ያለው ጎረቤት ነው።

መውጫው ቤት ለቤት ሳይሆን መንገድ ለመንገድ መሥራት ነው። ለሐዘንና ለደስታ የሚሰባሰበው አፎቻ ይህንንም ቢይዘው፣ የአንድ መንገድ ነዋሪዎች ፈቃዱን በአንድነት መጠየቅ፣ ዕቃውን በጅምላ መግዛት፣ ውሃው የት እንደሚፈስም ሥራው ሳይጀመር መስማማት ይችላሉ። የቀበሌ ቤቶችን ድርሻ ደግሞ አስተዳደሩ ሊሸፍን ይገባል። ይህ ሁሉ መሆን ያለበት በበጋ ነው፤ ሐምሌ ከገባ ወዲያ ባልዲ ከመደቀን በቀር የሚሠራ የለም።