ነፍስ ወከፍ እና ነፍሰ ጡር

በሎስ አንጀለስ፣ ከሚራክል ማይል ወደ ደቡብ በፌርፋክስ ጎዳና ሲወረድ፣ ከኦሊምፒክ ጎዳና ጀምሮ ያለችው አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ሊትል ኢትዮጵያ» ትባላለች። በዚያ ሰፈር የሚሠራ ሐበሻ እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ግብር ከፋይ እስከ ኤፕሪል 15 ቅጹን ሞልቶ ማስገባት አለበት። ቅጹ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ በእንግሊዝኛ አጭር፣ በአማርኛ ግን አስቸጋሪ ነው፦ ስንት «ዲፔንደንት» አለሽ? የተጻፈው ትርጉም «ጥገኛ» ይላል፤ ከተውሳክ ጋር የሚጠራ ቃል ነውና እናትን በዚህ ስም ማስመዝገብ ለማንም አይቀልም። አገር ቤት ቢሆን ጥያቄው የሚቀርበው በሌላ መንገድ ነበር፦ ስንት ነፍስ ታስተዳድሪያለሽ?

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው የሚጀምረው «ነፍስ» ከሚለው ቃል ነው።

«ነፍስ» ከነፋስ፣ ከመተንፈስና ከእስትንፋስ ጋር የአንድ ሥር ቃል ነው፤ በዕብራይስጥም በዐረብኛም ወንድሞች አሉት። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከሥጋ ተለይታ የምትሄደው፣ የማትሞተው ናት። የዕለት ተዕለት አማርኛ ግን ከዚህ ትርጉም ጋር ብዙም አይጨነቅም። ራሱን የሳተ ሰው «ነፍሱን አያውቅም» ይባላል፤ ክፉና ደጉን ያልለየ ሕፃን ደግሞ «ነፍስ አላወቀም»። የሚሸሽ ሰው «ነፍሴ አውጪኝ» ይላል፤ ጠኔ የያዘው ሰው እህል ሲቀምስ «ነፍስ ይዘራል»። ሰው የገደለ «ነፍሰ ገዳይ» ነው፤ ነፍስ አትሞትም የሚሉት ካህን ራሳቸው በዚህ ቃል ሲጠቀሙ አንደበታቸው አይሰናከልም። እዚህ ሁሉ ላይ ነፍስ ማለት ሕይወት ነው፣ ሰው ነው፣ ንቃት ነው። ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ቃሉን በሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ «ሶል» ብሎ የተማረ ልጅ ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «ነፍሰ ጡር» ነው። «ጡር» የግእዙ «ጾረ»፣ ማለትም ተሸከመ፣ ዘር ነው፤ ነፍሰ ጡር ነፍስ የተሸከመች ናት። ከዚያው ሥር «ጦረ» ይመጣል፤ ከእርሱም «ጧሪ» እና «ጡረታ»። አንዲት ሴት በአንድ ሥር ቃል ልጇን ትሸከማለች፤ ልጇ አድጎ በዚያው ቃል ይሸከማታል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» የሚለው ምርቃት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። በዚህ አነጋገር ነፍስ ለብቻዋ የቆመች ሳትሆን ሁልጊዜ የአንድ ሰው ሸክም ናት፤ ሸክሙም ተራ በተራ ይዞራል።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አማርኛ ይህንኑ ቃል ወስዶ ሌላ ሥራ ሰጠው። ላቲኑ ሀብትን «በየራሱ» ሲቆጥር፣ አማርኛው «ነፍስ ወከፍ ገቢ» አለ። (ወታደሩም ለእያንዳንዱ የሚታደለውን ጠመንጃ «ነፍስ ወከፍ መሣሪያ» ይለዋል፤ ቃሉ እንጀራም ጥይትም ያካፍላል።) በዚህ አጠቃቀም ነፍስ ሸክም መሆኗ ቀርቶ አካፋይ ቁጥር ሆነች። አካፋዩም ቢሆን የሚታመን አይደለም። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገቢው የሚካፈለው በትንበያ ነው። ኒኮላይ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው «የሞቱ ነፍሳት» ውስጥ የሩሲያ ባለርስቶች ካለፈው ቆጠራ በኋላ ለሞቱ ገባሮቻቸው ሳይቀር ግብር ይከፍላሉ፤ መዝገቡ ላይ ሕያዋን ናቸውና። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዶላር የተሰላው የነፍስ ወከፍ ገቢ እንዲሁ አሽቆለቆለ፤ ከነፍሳቱ መካከል ግን በዚያ ሳምንት ማሳው በግማሽ የጠበበበት ገበሬ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ዋናው ስሕተት በአዲስ አበባ ሳይሆን በፌርፋክስ በኩል ይታያል። በዓመት 36,000 ዶላር የምታገኝ፣ ለብቻዋ የምትኖር አንዲት የአረጋውያን ተንከባካቢ እናስብ። የፌዴራል መንግሥቱ የ2025 የድህነት መለኪያ ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ነው፤ እርሷ ከእጥፍ በላይ ታገኛለችና ድሃ አይደለችም። ጎንደር ያሉ እናቷንና አራት ታናናሾቿን የምታስተዳድር ከሆነ ግን ስድስት ነፍስ ናቸው፤ ለስድስት ሰው መለኪያው 43,150 ዶላር ነው። እርግጥ ነው፣ ጎንደር ላይ ኑሮ በሎስ አንጀለስ ዋጋ አይገዛም፤ የምትልከውም የአምስት ሰው ሙሉ ቀለብ ላይሆን ይችላል። ስሌቱ እንዳለ አይወሰድም። ነገር ግን ከአንድ እና ከስድስት መካከል እውነቱ ወደ አንዱ አይጠጋም፤ ስታቲስቲክሱ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ሕጉም እንደዚያው ነው። ዲፔንደንት ለመሆን የአሜሪካ ዜጋ ወይም በግብር ሕጉ የአሜሪካ ነዋሪ መሆን፣ አለዚያም በካናዳ ወይም በሜክሲኮ መኖር ያስፈልጋል። ሩቅ አገር ያለን ሰው ማን ያጣራል የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ በሌለች እናት ስም ግብር የሚያስቀንስ አይጠፋም። ሆኖም ሕጉ የማጣራት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ መስፈርቱ የሐዋላ ደረሰኝ በሆነ ነበር፤ የጎንደሯ እናት በየወሩ ትታያለችና። አሁን ያለው መስፈርት ጉርብትና ነው። በሜክሲኮ የምትኖር እናት ሌላው ሁሉ ሲሟላ ልትቆጠር ትችላለች፤ የሚገኘው ጥቅም ዛሬ ጠባብ ቢሆንም በር አለ። ለጎንደሯ በሩ የለም። በአንጻሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብና በመሰል መንገድ በሚላክ ሐዋላ ላይ አንድ በመቶ ግብር ተጥሏል። ከባንክ ሒሳብ ወይም በካርድ የሚልክ አይነካውም፤ የሚነካው በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው፣ ብዙ ጊዜም ዝቅተኛ ደሞዝ ያለው ነው። እናቲቱ ለቅናሽ ሲሆን የለችም፤ ለግብር ሲሆን አለች።

በዚህ ላይ ከማኅበረሰቡም ወገን አንድ ነገር ሊነገር ይገባል። ሐበሻው ሰፈር ስለ ሐዋላ ሲያወራ ኩራቱን እንጂ ሒሳቡን አያወራም። ጧሪዋ ለራሷ ጡረታ ስንት እንዳስቀመጠች መጠየቅ እንደ ነውር ይታያል። ጠያቂው «ነፍስ ነው እኮ!» ተብሎ ዝም ይባላል፤ በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የእርሷ ነፍስ አልተቆጠረችም። ሸክሙ ተራ በተራ ይዞር የነበረው ከአንድ ግቢ የሚኖሩ ብዙ ትከሻዎች ሲካፈሉት ነው፤ ዛሬ በአንድ ሰው ላይ አርፎ ውቅያኖስ ተሻግሯል። አሜሪካ የተወለደው ልጇ ደግሞ «ጧሪ» የሚለውን ቃል ሰምቶት እንኳ ላያውቅ ይችላል። በፌርፋክስ ያሉ ዕድሮችና ማኅበራት አስከሬን ወደ አገር ለመላክ እንደሚሰበሰቡ ሁሉ፣ በሕይወት ስላሉት ላኪዎች እርጅናም ገንዘብ ማዋጣት ቢጀምሩ የአማርኛውን ቃል በሙሉ ትርጉሙ ተጠቀሙበት ማለት ነው።

ዘንድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2026፣ ፋሲካ ኤፕሪል 12 ላይ ይውላል፤ ቅጹ የሚገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለበግና ለቅቤ የሚሆነው ገንዘብ በዚያው ሳምንት ይላካል፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ አንድ በመቶው ይቆረጣል፤ ከዚያም የዲፔንደንቱ ሣጥን ባዶ እንደሆነ ቅጹ ይፈረማል።